የቀኙ ጎማ

አባቴን ጭቃ ሲይዘው በዓይኔ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። የዚያን ቀን ከጭቃው ስንወጣ ያጨበጨብኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። የምንኖረው የመንገድ ጥገና መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ፣ ከጋራዡ ጀርባ ባለች የሠራተኛ ቤት ነው። አባቴ የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ነበር። ቤቷ ሁለት ክፍል ናት፤ መስኮቶቿ ወደ ጋራዡ ስለሚከፈቱ ትራሳችን ሳይቀር ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ክረምት ሲገባ ከግቢው እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ጥቁር ጭቃ ይሆናል። የሰው ጫማ ይዞ የሚያስቀር፣ የጭነት መኪና ቀናት የሚያስተኛ ጭቃ ነው። አባቴ ግን አይያዝም። መሐንዲሶቹን ያደርሳል፣ የተያዙትን እየጎተተ ያወጣል፣ ሲመለስ መኪናዋን አጥቦ ያቆማታል። ከዚህ የተነሳ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም «አይያዜ» ነው የሚለው። እሱም ቅጽል ስሙን ወዶታል። ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ «እቺን መኪና ይዤ ጭቃ ያዘኝ ካልኳችሁ፣ ወይ ሰክሬያለሁ ወይ እየዋሸኋችሁ ነው» ይላል። ሰው ይስቃል፣ እሱም አብሮ ይስቃል። እናቴም ይህን ጉራ ደጋግማ ሰምታዋለች።

መኪናዋ ፎር ዊል ናት። ዛሬ እኔ የምነዳትም እንደዚያው ናት፤ ልዩነቱ የእኔዋ ሁሉንም ነገር ራሷ ማድረጓ ነው። አንዱ ጎማ መንሸራተት ሲጀምር ኮምፒውተሯ ያንን ጎማ በፍሬን ቀብ አድርጎ ጉልበቱን ለሌላው ይሰጠዋል። እኔ ጋ የሚደርሰው ዜና ዳሽቦርዱ ላይ ብልጭ የምትል ቢጫ መብራት ብቻ ነው። የአባቴ መኪና ግን ሰው ትፈልግ ነበር። በእያንዳንዱ የፊት ጎማዋ መሃል ላይ በእጅ የምትዞር፣ የሻይ ብርጭቆ አፍ የምታክል ክብ መቆለፊያ አለች፤ ለግራው አንድ፣ ለቀኙ አንድ። ደረቅ መንገድ ላይ ሁለቱም ተፈትተው ይቀመጣሉ፤ የኋላ ጎማዎች ይገፋሉ፣ የፊቶቹ ዝም ብለው ይንከባለላሉ። ጭቃው ሲመጣ ግን ወርዶ ሁለቱንም ማዞር ነው። ቀጭ ካለች ተቆለፈች ማለት ነው። ከዚያ ጋቢና ተመልሶ ትንሿን ማርሽ መሳብ፤ አራቱም ጎማ መጎተት ይጀምራል።

«አንዱን ብቻ ብንቆልፈውስ?» አልኩት አንድ ቀን። በራችን ላይ ተቀምጦ የጫማውን ጭቃ በቢላ እየፋቀ ነበር።

«አንዱን ብቻ ከቆለፍሽ ምንም አልቆለፍሽም።»

«ለምን?»

«ሞተር ሰነፍ ነው፣ እሜቴ።» እሜቴ እያለ ነበር የሚጠራኝ፤ ጥያቄ ሳበዛ በተለይ። «ጉልበቱን የሚልከው ወደሚቀለው በኩል ነው። ባልተቆለፈው በኩል ምንም የሚይዘው ነገር ስለሌለ ውስጥ ለውስጥ በባዶው ይሽከረከራል። የተቆለፈው ጎማ ቆሞ ይጠብቃል፤ የሚደርሰው ነገር የለም።»

«እሺ፣ ሁለቱም ተቆልፈው ነዳጁን በጣም ብትረግጠውስ?»

«ጭቃ ላይ ነዳጅ አይረገጥም። ቀስ ብሎ የሚዞር ጎማ መሬቱን ይነክሳል። የሚፈጥን ጎማ ይልሰዋል። የተላሰ ጭቃ ደግሞ ይብስ ይሟልጫል።»

«ፎር ዊል ካለን ግን ምንም አንሆንም፣ አይደል?»

«ኧረ እንሆናለን። ፎር ዊል የሚረዳው ለመሄድ ነው፤ ለመቆም አይረዳም። ቁልቁለት ላይ ስትንሸራተቺ አራትም ይሁን ሁለት ያው ነው።»

ይሄን ሁሉ ቃል በቃል ያዝኩት። የማባዣ ሰንጠረዥ አልገባ ብሎኝ ጆሮዬን የምጠመዘዝ ልጅ፣ የመኪና ነገር ሲሆን አንድ ጊዜ የሰማሁት አይጠፋኝም ነበር።

መቆለፍ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ሾፌሩ ግራውን፣ ጎኑ የተቀመጠው ቀኙን። ከመሐንዲሶቹ ጋር ሲሆን ከእነሱ አንዱ እያጉረመረመ ይወርዳል። እኛን ይዞ ሲወጣ ግን ቀኙ የእናቴ ነው። ሁለቱም እኩል በር ከፍተው ይወርዳሉ። «ቆለፍሽ?» ይላታል ከወዲያ። «ቆለፍኩ» ትላለች ከወዲህ። ከዚያ በመኪናዋ አፍንጫ በኩል ዞራ ትመጣና የቆሸሸ እጇን በሸሚዙ ትጠርጋለች። «ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ የምታጥቢው እኮ አንቺው ነሽ» ይላታል፤ ሁልጊዜ ያችኑ። እሷም ሁልጊዜ ትስቃለች። ከኋላ ወንበር ሆኜ ሳያቸው፣ ሸሚዝ ላይ መጥረጉም የመቆለፉ ሥራ አንዱ ክፍል ይመስለኝ ነበር። ካልተጠረገ ጎማው የማይዝ።

አንድ ክረምት ላይ ታናሽ ወንድሜ ሞተ።

ገና ድክ ድክ ማለት የጀመረ ልጅ ነበር፤ ማሙሽ ነበር የምንለው። ጠዋት አተኮሰው፣ ረፋዱ ላይ ዓይኑ መገለባበጥ ጀመረ። በግቢው አንድም መኪና አልነበረም። እናቴ በመሥሪያ ቤቱ ሬዲዮ አባቴን አስጠራችው፤ እሱ ከወንዙ ማዶ ሥራ ቦታ ላይ ነው። «መጣሁ፣ መጣሁ» ሲል በዚያ በሚንኮሻኮሽ ሬዲዮ እኔም ሰምቼዋለሁ። እናቴ ማሙሽን በብርድ ልብስ ጠቅልላ በር ላይ ቆመች። የሞተር ድምፅ የሰማች ሲመስላት ወደ ግቢው መግቢያ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ ደግሞ ትሄዳለች። እኔ ከኋላዋ አንድ የማሙሽን ካልሲ ይዤ እከተላታለሁ፤ እግሩ ይበርደዋል ብዬ። ደጋግሜ ካልሲውን ሳቀብላት አልተቀበለችኝም።

አባቴ የደረሰው ዝናቡ ካባራ፣ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። በእግሩ ነው የመጣው። እስከ ወገቡ ጭቃ ሆኗል፤ እጆቹ ሲቆፍሩ ስለዋሉ ጥፍሮቹ ደምተዋል። «ጭቃ ያዘኝ» አለ።

እናቴ ፊቷን አዞረችበት። ጎረቤቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጭቃ ያዘኝ ሲል ሰምቶት የሚያውቅ ሰው አልነበረማ።

ከቀብሩ በኋላ እሱና የጋራዡ መካኒክ የግራውን መቆለፊያ ነቅለው አዩት። መካኒኩን ብሎን ነው የምንለው፤ ራሱ ትልቅ፣ አንገቱ ቀጭን ነበር። ከላይ ሲያዩት መቆለፊያው ተቆልፏል ይላል። ውስጡ ግን ጥርሱ ተሰብሮ የያዘው ነገር የለም። አዲስ ከገጠሙበት በኋላ አባቴ የተሰበረችውን ብረት ይዞ ገባና ጠረጴዛው ላይ እናቴ ፊት አስቀመጣት። እናቴ ጠረጴዛ እየወለወለች ነበር። በብረቷ ዙሪያ ወለወለችና አልፋ ሄደች። እኔ ግራሶ የነካ ነገር ጠረጴዛዋ ላይ ስላደረገባት የተቆጣች መሰለኝ። ብረቷን አንስቼ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩላት፤ ደስ እንዲላት።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ጸጥ አለ። ጸብ የለም፣ ጩኸት የለም። እናቴ ምግቡን ታቀርባለች፣ እሱ ይበላል፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል እንደ እንግዳ። የማሙሽ መታጠቢያ ሰማያዊ ሳፋ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለች ናት፤ አይታጠብባትም፣ አትወርድም። እናቴ ጋቢና መቀመጥ አቆመች። ወደ ገበያም ሆነ ወደ ክሊኒክ ስንሄድ ከኋላ ትቀመጣለች፣ ፊት እኔ እቀመጣለሁ። ይህንን ትልቅ ሹመት አድርጌ ነበር የወሰድኩት። አድገሻልና ፊት ተቀመጪ የተባልኩ መስሎኝ፣ አንገቴን ሰገግ አድርጌ ለጓደኞቼ እጄን አውለበልባለሁ።

በሚቀጥለው ክረምት፣ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ እናቴ አክስቴ ጋ ሄዳ አየር ልትለውጥ ነው ተባልኩ። ነገሩ አልገረመኝም፤ የቤታችን አየር መቼም ናፍጣ እንጂ አየር አይደለም። ጠዋት ተነስቼ ሁለቱን መስኮትና በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኳቸው። ብርዱ ሲገባ እናቴ ከጓዳ ወጣች።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«አየሩን እየለወጥኩልሽ። እንዳትሄጂ።»

መስኮቶቹን አንድ በአንድ ዘጋቻቸው። የመጨረሻውን ከዘጋች በኋላ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ቆየች።

ሻንጣዋን ስትሞላ አጠገቧ ነበርኩ። ቀሚሶቿን፣ ሹራቧን፣ ፎጣዋን ከተተች። ከዚያ የልብስ ስፌት መቀሷን በጨርቅ ጠቅልላ ጨመረችው። አየር ለመለወጥ የሚሄድ ሰው መቀስ ምን ያደርግለታል ብዬ አሰብኩ እንጂ አልጠየቅኳትም። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ መቀሱን አየው። የመኪና ቁልፉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው እያዘዋወረ «ኃላፊውን አስፈቅጄያለሁ፣ አስፋልቱ ድረስ አደርስሻለሁ» አላት።

«አውቶቡሱ ካመለጠኝ እስከ ሳምንቱ ሌላ የለም» አለችው።

«አውቃለሁ።»

ሲናገር ድምፁ ላይ የሆነ ነገር እንደነበር አሁን ይገባኛል። ያኔ የሰማሁት አውቃለሁ ማለቱን ብቻ ነው።

ካፊያ እየጣለ ወጣን። እኔ ፊት፣ እናቴ ከሻንጣዋ ጋር ከኋላ። የዝናብ መጥረጊያው በእኔ በኩል ያለው ላስቲኩ አልቆ ስለነበር መስታወቱን እየቧጨረ ያልፋል። ከግቢው ወጥተን ሜዳውን አለፍን። ከሜዳው በኋላ መንገዱ ዝቅ ይልና፣ ትንሿን የውኃ መውረጃ ተሻግሮ አቀበቱን ይጀምራል። አቀበቱን የጨረሰ መኪና አስፋልት ላይ ነው። ጭቃው ግን አቀበቱ ሥር ተኝቶ ይጠብቃል። አባቴ ከመውረጃው በፊት ቆመ።

«እዚህ ጋ እንቆልፍ» አለ፣ ለማን እንደተናገረ ሳያስታውቅ።

ከኋላ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ወረደና ግራውን አዞረ፤ ቀጭ ስትል በክፍቱ በር ሰማኋት። ከዚያ በመኪናዋ አፍንጫ በኩል ወደ እኔ ጎን መጣ፣ ቀኙ ጎማ ጋ ቁጢጥ አለ። መስኮቴን ዝቅ አድርጌ አንገቴን አወጣሁ። መቆለፊያዋን ይዟታል። በአውራ ጣቱ ዙሪያዋን ጭቃ ጠረገላት፣ ቀስ ብሎ፣ የሰው ፊት የሚጠርግ ይመስል። እጁን እዚያው እንዳደረገ ቆየ፤ ካፊያው ማጅራቱ ላይ ይወርዳል። ከዚያ ተነሳ። ቀጭ ስትል አልሰማሁም። ዝናብ ነው ድምፁን የዋጠው አልኩ በሆዴ፤ ተመራማሪ ነኝና።

ገብቶ በሩን ዘጋ፣ ትንሿን ማርሽ ሳበ። ያኔ እናቴ ከኋላ ተናገረች።

«ቆለፍክ?»

ዓመት ሙሉ እንዲህ ብላ ጠይቃው አታውቅም። አባቴ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ።

«ቆለፍኩ።»

ደስ አለኝ። ታረቁ አልኩ። የድሮው ጥያቄና የድሮው መልስ ነው፤ ጠያቂና መላሽ ከመለዋወጣቸው በቀር። አሁን ሸሚዙ ላይ እጇን ብትጠርግ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ይመለሳል ብዬ ወደ ኋላ ዞሬ አየኋት። በመስኮቷ ወደ ውጭ እያየች ነበር።

መውረጃዋን ተሻገርን። አቀበቱን እንደጀመርን መኪናዋ ደከመች፤ አፍንጫዋ ወደ ጎን ሄደ፣ ቆመች። የኋላ ጎማዎቹ ይዞራሉ፣ እኛ ግን የትም አንሄድም። ይሄን እንዴት እንደሚያልፈው ስለማውቅ አልፈራሁም። ትንሽ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ መሪውን ግራ ቀኝ ያወዛውዛል፣ ቀስ አድርጎ ያስነክሰዋል። አባቴ ግን ነዳጁን ረገጠ። በደንብ ረገጠው። ሞተሩ ጮኸ፣ ጭቃው ከኋላ እየተወረወረ መስታወቱን መታው፣ መኪናዋ ወደ ታች ሰመጠች።

«አባዬ፣ እየላሰ ነው እኮ» አልኩት።

«ዝም በይ፣ እሜቴ።»

ደግሞ ረገጠ። ከሥራችን የመቃጠል ሽታ መጣ። አፈርኩለት። እንደ ማንም ጀማሪ ሲነዳ ያየ ሰው ይኖር ይሆን ብዬ መንገዱን አየሁ፤ ማንም የለም። ሞተሩን ለቀቅ አደረገና፣ ወደ ፊት እያየ፣ «አልወጣም ብሏል» አለ። «የኋላው ሜዳ ነው፤ ወደ ኋላ ብንሄድ እንወጣለን። ቤት ገብተን… በሳምንቱ ይሻላል። ጭቃውም ይጠነክራል።»

ዝናቡ በርትቶ ጣራውን ይደበድባል። በመጨረሻ እናቴ፣ ረጋ ባለ ድምፅ፣

«ያኔም እንዲህ ነበር?» አለችው።

አባቴ ዓይኑን ከመሪው ላይ አላነሳም።

በሩ ተከፈተ። እናቴ ለመንገድ ብላ ያደረገችውን ጥሩ ጫማዋን እንዳደረገች ጭቃው ውስጥ ወረደች፤ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ዋጣት። አንዱ ጫማ ሲቀርባት ጎንበስ ብላ በእጇ ነቀለችው፣ አደረገችው፣ ቀጠለች። በእኔ መስኮት አጠገብ አለፈች። ቀኙ ጎማ ጋ ቁጢጥ አለች። ብዙም አልቆየችም።

ቀጭ።

ይቺን ግን ሰማኋት። አባቴም ሰምቷታል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

እናቴ ቆመች። የቆሸሸ እጇን ወደ ፊት ዘርግታ አየችው፤ መጥረጊያ የምትፈልግ ይመስል ነበር። ከዚያ በንጹሑ ቀሚሷ ላይ፣ ጭኗ ጋ፣ ከላይ ወደ ታች ጠረገችው። የኋላውን በር ከፍታ ገባች።

«አሁን ንዳ» አለችው።

አልነዳም። መኪናዋ እየተንተከተከች ቆማለች። መጥረጊያው መስታወቱን እየቧጨረ ይሄዳል፣ ይመለሳል።

«ያኔ የነገርኩሽ እውነት ነበር» አለ።

እኔ ስለምን እንደሚያወሩ አልገባኝም። ያኔ የቱ ነው? ብዬ ልጠይቅ አፌን ከፍቼ ነበር፣ የእናቴ ድምፅ ቀደመኝ። «ንዳ። አውቶቡሱ ያመልጠኛል።»

አባቴ ማርሽ አስገባ። ነዳጁን መንካቱ እንኳ በማያስታውቅ ሁኔታ ነካው። የፊት ጎማዎቹ ያዙ። መኪናዋ በደረቅ መንገድ ላይ እንዳለች፣ ሳትቸኩል፣ ቀጥ ብላ አቀበቱን ወጣችው። ጭቃው ከሥራችን ሲለቀን እንደ መሳም ዓይነት ድምፅ ነበረው።

አጨበጨብኩ። መቀመጫው ላይ በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ ወደ ኋላ ዞሬ፣ «እማዬ ጎበዝ፣ እማዬ ጎበዝ፣ አባዬን አስወጣሽው» እያልኩ አጨበጨብኩ። እናቴ ጭቃ ያልነካውን እጇን ዘርግታ ፀጉሬን ዳበሰችኝ። አባቴ አስፋልቱ ላይ እስክንደርስ ከመስታወቱ ዓይኑን አልነቀለም። ሁለቱም የማይስቁት ስለደከማቸው ነው ብዬ ሁለት እጅ አበርትቼ አጨበጨብኩላቸው።

ነፍስ ካወቅሁ፣ የራሴን መኪና መንዳት ከጀመርኩ በኋላ ስለዚያ ቀን እናቴን ጠየቅኳት። ከተማ ውስጥ የልብስ ስፌት ቤት ትሠራ ነበር፤ በዚያው መቀስ። የአንድ ሰው ሱሪ ጭኗ ላይ ዘርግታ ጫፉን እየተረተረች ነው የነገረችኝ።

«ነዳጁን ሲረግጥ ነው የገባኝ። አባትሽ ጭቃ ላይ ነዳጅ ረግጦ አያውቅም። ውሸት እኮ ጨርሶ አይችልበትም፤ ጀርባው ሳይቀር ያስታውቅበት ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ፣ ስለ ማሙሽ የነገረኝ እውነት እንደነበረ አወቅኩ። እንዲህ ውሸት የማይሆንለት ሰው፣ ልጁ የሞተ ቀን በየት በኩል ይዋሻል?»

«እያመንሽው ነዋ ወርደሽ የቆለፍሽው?»

«እያመንኩት።»

«ታዲያ ለምን ሄድሽ?»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ያን ዓመት ቀጥ አድርጎ ያቆመኝ በእሱ ላይ ያለኝ ንዴት ነበር። ጠዋት ከአልጋዬ የሚያስነሳኝ ያ ንዴት ነው። ያመንኩት ጊዜ የምናደድበት ሰው አጣሁ። ማሙሽ ብቻ ቀረ። የእሱን ሐዘን ይዤ ወደዚያ ቤት መመለስ አቃተኝ።»

«እንዳመንሽው ነገርሽው?»

«አልነገርኩትም።» ሱሪውን አገላብጣ አየችው። «ስንት ጊዜ ልነግረው ብዬ… አፌ እምቢ አለኝ።»

እኔ ነገርኩት። ጡረታ ወጥቶ፣ ከአንዲት አንድ ክፍል ቤት በር ላይ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘሁትና እናቴ ያለችውን አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። እስክጨርስ ሰማኝ። ራሱን ነቀነቀ። «ደግ» አለ። ከዚያ ብድግ ብሎ የመኪናዬን ጎማዎች በእግሩ እየመታ ንፋሳቸውን ሊያይልኝ ሄደ፤ አራቱንም ዞረ፣ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ ዞረ። እኔ ወንበሩ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። የምረዳበት ነገር አልነበረም።

የዚያን ቀን አስፋልቱ ላይ ስንደርስ አውቶቡሱ ቆሞ ሰው እየጫነ ነበር። አባቴ ሻንጣውን ተሸክሞ ጣራው ላይ ላለው ረዳት አቀበለ፤ ገመዱን ራሱ ፈትሾ፣ እንደገና እንዲያጠብቀው አደረገ። እናቴ እኔ ፊት ቁጢጥ አለች፣ ሹራቤን ቆለፈችልኝ። ከዚያ ቀና ብላ አባቴን «ፀጉሯን አሳጥርላት፤ አንተ መሥራት አትችልም» አለችው።

«እሺ» አለ።

ፀጉሬን እወደው ነበርና ከፋኝ። እስክትመለሽ አይረዝምም ልላት ስል ረዳቱ ጮኸ፣ ገባች፣ በሩ ተዘጋ። እኛን በመስኮት ልታየን በማትችልበት በሌላኛው በኩል ነበር የተቀመጠችው። አውቶቡሱ ጢሱን ለቆብን ሄደ። አባቴ ጢሱ ውስጥ ቆሞ ቆየ።

አስፋልት ላይ ሲወጣ መቆለፊያዎቹን የመፍታት ልማድ ነበረው። ደረቅ መንገድ ላይ እንደተቆለፈ ከተነዳ ብረቱን ይበላዋል ይላል። ወደ ግቢው የሚመለሰው ጭቃ መልሶ ሊያስቆልፈው እያወቀ፣ እጁ እንደለመደ ሄዶ ግራውን ፈታ። ከዚያ በመኪናዋ አፍንጫ በኩል ዞሮ መጣ፣ ቀኙ ጎማ ጋ ቆመ። መቆለፊያዋ ላይ የእናቴ ጣቶች ጭቃውን ጠርገው አራት መስመር ትተዋል። አየው። ሳይነካው በሩን ከፍቶ አስገባኝና በእሱ በኩል ገባ።

«አባዬ፣ ቀኙን ረሳኸው» አልኩት።

«አልረሳሁትም።»

«አልፈታኸውም እኮ።»

ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩ ተነሳ። «እሱ የእናትሽ ነው» አለ። «ስትመጣ ትፈታዋለች።»

ዓለም ሁሉ ቀለለልኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እየደጋገምኩ የማስባቸው ነገሮች ነበሩ፤ መቀሱ፣ ፀጉሬ፣ አውቶቡሱ። አባቴ መኪና ላይ ቀልድ አያውቅም። ትፈታዋለች ካለ ትመጣለች ማለት ነው። ጭቃው ጋ ስንደርስ ወርዶ ግራውን ብቻ ቆለፈ፣ ትንሿን ማርሽ ሳበ፣ ቀስ አድርጎ አሻገረን።

ከዚያ ወዲያ እንዲሁ ሆነ። ጭቃ ሲመጣ ግራውን ይቆልፋል፣ ጭቃው ሲያልፍ ግራውን ይፈታል፤ ቀኙን ማንም አይነካውም። አንድ ጊዜ ብሎን መኪናዋን ሲያጥብ «ይሄስ?» ብሎ እጁን ሲዘረጋ፣ አባቴ ከጋራዡ ውስጥ «ተወው» ያለው ትዝ ይለኛል። ብሎን ሁለተኛ አልጠየቀም።

እኔ ደግሞ ሥራ አገኘሁ። ዝናብ በጣለ ቁጥር፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ደብተሬን ሳላስቀምጥ ጋራዡ ጋ እሄዳለሁ። ቀኙ ጎማ ጋ ቁጢጥ እላለሁ። በፊት የጣቶቿ መስመሮች ነበሩ፤ ዝናቡ ሲያጥባቸው ጠፉ። ኋላ ላይ የመቆለፊያዋ ዙሪያ እየቀላ፣ እየቀላ መጣ፤ ቀለም የቀባት ሰው አለ ብዬ ነበር። አሳጥረው የቆረጡትን ፀጉሬን ከግንባሬ ላይ ገፋ አድርጌ ጠጋ ብዬ አያታለሁ። እንደተቆለፈች ናት። ማንም አልፈታትም። ደስ ብሎኝ ወደ ቤት እገባለሁ።